ዘግይቶ የሚመልስ እሳት

ሜዲስን ሃት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤ የመኪናዬ በር አልከፈት ብሎኝ
በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ።
ኦሬስት ደጅ ቆሟል። «መጣሽ?» «መጣሁ።»
«ሁለተኛዋ ናት። ካመሻሽ ጀምራ ታጉረመርማለች፤
ብርድ ሲገባት እንዲህ ትሆናለች።»

ይህ ከተማ ጋዝ ላይ የተኛ ነው፤
ከሥር ያለው ነው የላዩን የሚያሞቀው።
ዛሬ ምድጃው ሁሉ ይነዳል፤
ተርባይኗ ብትቆም፣ ሳይነጋ፣ በየቤቱ ቧንቧ በርዶ ይፈነዳል።

እኔ ቃኚ ነኝ፤ አውታር ግን የለኝ፣
እሳት ነው በሌሊት የሚያስጠራኝ።
ለዚህኛው አፍንጫ ነዳጅ ጨምሬ፣ ከዚያኛው ቀንሼ፣
አንዴ ወደ ፊት ሄጄ፣ አንዴ ተመልሼ።
ጭሷ አገር እንዳይመርዝ፣ ሕጉም ስለሚያዝ፣
አየር የበዛበት ስስ እሳት ነው የምትይዝ።
ስስ እሳት ደግሞ ሆደ ባሻ ነው፤
ኮሽታ የሚያስኮርፈው፣ ትንፋሽ የሚያስቀይመው።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ከክፍሉ ግድግዳ ድምፅ ይነሳል፤ ነዳጁን ገፋ ያደርገዋል፤
ያ ግፊያ ነበልባሉ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ይቆያል፣
የሰከንድ ሺኛ፣ አራት ወይ አምስት።
ከዚያ ይመልሳል እሳት።
መመለሱ አይደለም ጥፋቱ፣
የሚመልስበት ነው ሰዓቱ።
ግፊቱ ሲወርድ ቢመልስ ነገር ይበርዳል፤
ጫፍ ላይ ሳለ ከመለሰ ግን፣ ድምፅ እሳቱን፣ እሳት ድምፁን ያሳድጋል፣
በየዙሩ ትንሽ፣ በየዙሩ ትንሽ፣
ብረት እስኪሰነጠቅ።

አማርኛ ይህን ሳይለካ ደረሰበት፦
ለእሳት ነደደ አለ፤ «ተ»ን አስቀድሞ፣ ለሰው ተናደደ አለበት።

ኦሬስት ሠላሳ ዓመት ከማሽን ጋር ኖሮ ጆሮው ከድቶታል።
ረጅም ካቻቢቴ ከቋሚው ብረት ላይ ተክሎ እጀታውን በጥርሱ ይነክሰዋል።
«መቶ ሠላሳ» አለኝ፣ ጥርሱን ሳያላቅቅ።
ስክሪኑ ላይ፦ መቶ ሠላሳ አንድ።

ይኼኔ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ዘለለ።
ምንትዋብ፣ ከኤድመንተን፤ እሷም የሌሊት ተረኛ ናት፣ ሽማግሌ ታስታምማለች።
«የአባባን ታክሲ ሳትነግሪኝ ሸጥሽው?» አለች።
አላስጨረስኳትም። «ሦስት ክረምት በረዶ ሲበላው አንቺ የት ነበርሽ?»
«አንቺስ፣ ሆስፒታል ሲገባ?» «ማን ፈረመ?» «ማን ከፈለ?» «ማን ነሽ?»
አንዷ ጫፍ ላይ ሳለች ሌላዋ፣
ሌላዋ ጫፍ ላይ ሳለች አንዷ።
ዘጋሁት።
ኦሬስት ወደ ቧንቧዎቹ ዞሮ ያልሰማ መሰለ፤
ወይ እኛንም በጥርሱ ሰምቶን ይሆናል።

ለመሪው ነበልባል ከመቶ ሁለት ጨመርኩ።
ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ወደ ሕጉ ጣሪያ ሲወጣ አየሁ፤ ግማሹን መለስኩ።
ጠበቅኩ።
ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ድምፁ
እጅ እንደተጫነው ከበሮ
ገዛ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።
«ምን አደረግሽው?» አለ ኦሬስት፣ ካቻቢቴውን በሱሪው እየጠረገ።
«አላፈንኩትም። የሚመልስበትን ሰዓት ነው ትንሽ ያዛነፍኩት።»
«እኔ ደግሞ» አለኝ፣ «ዝም ስትል ነው የምፈራት።»

ወደ ካልጋሪ ስመለስ፣ ሊነጋ ሲል፣
ሜዳውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው፣
ስልኩ ከሳንቲሞቹ መሀል ይንቀጠቀጥ ጀመር፤
ሳንቲሞቹም አብረው።
አንድ። ሁለት። መኪናውን ወደ በረዶው ዳር አወጣሁ።
ሦስት። ሞተሩን አጠፋሁ።
አራተኛው ላይ፣ «አቤት»።
ምንትዋብ ምንም አላለች። እኔም።
ከኋላዋ የማላውቀው ሰው በማሽን ይተነፍሳል፤
ያስገባል፣ ይቆያል፣ ያስወጣል።
ልማድ ሆኖብኝ፣ መካከሉን ቆጠርኩት።